የእትዬ ጀማነሽ ንባብ

ፈትያ ማብሪያውን ለሦስተኛ ጊዜ ተጫነችና ጆሮዋን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋች። ማራገቢያው ዞረ። ውስጡ እንደ ልማዱ ቆርቆር ቆርቆር አለ፤ ከዚያ ዝም። ጠዋት ጠዋት የምትሰማው አጭር የከበሮ ድምፅ አልመጣም። ከከበሮው ቀጥሎ በእንግሊዝኛ የሚያናግራት፣ እሷ «የብረት ሰውዬ» የምትለው ድምፅም አልመጣም።

የሚያይ ሰው ቢሆን ስክሪኑ ጠቆረ ይል ነበር። ፈትያ ግን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አታይም፤ ለእሷ ኮምፒውተር ማለት ያ ድምፅ ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰችው ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ እሱ እያነበበላት ነው። አሁንም ካዛንቺስ ከእህቷ ጋር በተከራየችው ክፍል ቁጭ ብላ እንጀራዋን የምትበላው በእሱ ነው። ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫነላት የኮምፒውተር አስተማሪዋ የነበረው ተወልደ ነበር፤ በነፃ የሚገኝ፣ አንባቢ ድምፁም አብሮት የሚመጣ ስለሆነ። ዛሬ ጠዋት ማሽኑ «አዲስ ማሻሻያ አለ» ሲላት እሺ ብላ አስጀመረችው። መሐል ላይ ደርሶ ቆመ። አጥፍታ ስታበራው ይኸው እንዲህ ሆነ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ባምቢስ አካባቢ ላለ አንድ የጥናት ቢሮ የምታስረክበው ሥራ ነበራት። ቢሮው ከገጠር ጤና ጣቢያዎች የእናቶችን ቃለ መጠይቅ ይቀዳል፤ እሷ ቅጂውን በአማርኛ ታዳምጥና በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙን ልካለች። የቀሩት አምስቱ፣ ከመጨረሻዋ ሁለት ገጽ በስተቀር አልቀው፣ እዚሁ ዝም ያለው ሳጥን ውስጥ ናቸው። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ መድረስ አለባቸው።

የሦስት ወር የሙከራ ጊዜዋም ዛሬ ያበቃል። የቢሮው ኃላፊ አቶ ኢተፋ ሲቀጥራት ምንም አልደበቃትም። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ሌሎቹ አልተስማሙም ነበር። ማየት የማትችል ልጅ በቀነ ገደብ እንዴት ትሠራለች አሉ። ተከራክሬ ነው ያስገባሁሽ። አንቺ ከተወጣሽው አብረውሽ የተመረቁትን፣ እንዳንቺ የማያዩትን ሁለቱን ጓደኞችሽንም እጠራለሁ» ብሏት ነበር። ጓደኞቿ በየሳምንቱ እየደወሉ «እንዴት ነው?» ይሏታል።

ስታዲየም ልብስ መደብር ወደምትሠራው እህቷ ወደ ሰብሪና ደወለች። ዝግ ነው። ቀጥላ ወደ ተወልደ ደወለች።

«ተወልደ፣ ፈትያ ነኝ። ማሽኑ አልነሳም አለኝ።»

«ድምፅ የለም?»

«ምንም። ከበሮውም የለም። ማሻሻያ እየጫነ ነበር፣ መሐል ላይ ተገተረ።»

«እኔ አውቶቡስ ላይ ነኝ፣ ወደ ደሴ እየሄድኩ ነው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ በቃ ቶሎ ቶሎ እንበል። ማሽኑ አልሞተም፣ እሺ? የተሰናከለው ስዕሉንና መስኮቶቹን የሚያመጣው ክፍል ነው። ድምፁ ደግሞ ያለ እሱ አይሠራም። ከሥር ጽሑፍ ብቻ ያለበት ገጽ አለ፣ እዚያ ገብተን እናስተካክለዋለን።»

«እዚያ ገጽ ላይ ማን ያነብልኛል?»

«እሱ ነው ችግሩ። ማለቴ፣ የሚያይ ሰው ያስፈልግሻል። ማን አለ አጠገብሽ?»

ፈትያ ጆሮዋን ወደ በሩ አዞረች። ግቢው ውስጥ አምስት ቤት አለ፤ በሥራ ቀን ሁሉም ባዶ ነው። ከውጭ ግን ቧንቧው ሥር የውሃና የልብስ ድምፅ ይሰማል። እትዬ ጀማነሽ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ግቢ ሲኖሩ ከ«እንደምን አደሩ» ያለፈ ነገር ለምናቸው አታውቅም። እሳቸውን ብቻ ሳይሆን ማንንም አትለምንም። ሰው ሲረዳት ከንፈር መምጠጡ አብሮ ይመጣል፤ እሱን አትወድም።

«አለ ሰው» አለችና በሯን ከፈተች። «እትዬ ጀማነሽ፣ ላስቸግርዎት ነው።»

የውሃው ድምፅ ቆመ። «ምነው ልጄ? ደህና አይደለሽም እንዴ?»

«እንግሊዝኛ ያነባሉ?»

እትዬ ጀማነሽ ሳቁ። «እኔ? ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ፊደሉን ግን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የእንግዳ ልብስ በስም ስለይ ነው የኖርኩት። ምን ማለት እንደሆነ አትጠይቂኝ እንጂ።»

«ማለቱን እኔ አውቃለሁ። ፊደሉ ይበቃል።»

እትዬ ጀማነሽ እጃቸውን በቀሚሳቸው አደራርቀው ገቡ። ፈትያ ወንበር አቀረበችላቸው፤ ስልኩን ድምፁ ከፍ እንዲል አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ተወልደ የነገራትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነች።

«አሁን ምን ይታያል?»

«ጥቁር ነው፣ እንደ ሰሌዳ። ላዩ ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ። መጨረሻው… ኤል፣ ኦ፣ ጂ፣ አይ፣ ኤን። ከዚያ ሁለት ነጥብ።»

ፈትያ ተነፈሰች። ስሟን እየጠየቃት ነው። ስሟን ጻፈች፤ የይለፍ ቃሏን አስከተለች።

«ስምሽን ጽፎታል። ሁለተኛውን ግን እምቢ አለ፣ ምንም አላወጣም።»

«እሱ ሆን ብሎ ነው የሚደብቀው፣ እትዬ ጀማነሽ። ልክ ነው።»

ተወልደ ከስልኩ ውስጥ፣ በአውቶቡሱ ጩኸት መሐል፣ ከዲስኩ ቦታ ምን ያህሉ እንደተያዘ ማሽኑን እንድትጠይቀው ነገራት። ጠየቀችው። እትዬ ጀማነሽ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ሲያስኬዱ የጥፍራቸው ድምፅ ይሰማል።

«ብዙ ቁጥር ነው። የትኛውን ልበልሽ?»

«ከላይ የመጀመሪያው መስመር፣ ወደ ቀኝ መጨረሻ አካባቢ።»

«መቶ ይላል። ከመቶው አጠገብ ሁለት ትንንሽ ዜሮ አለ፣ በመሐላቸው ዱላ ተጋድሞ።»

ተወልደ ሳቁን ለቀቀው። «መቶ በመቶ! በቃ ተገኘ። ዲስክሽ ሞልቷል። ማሻሻያው የቀረችውን ቦታ ጨርሶ መሐል ላይ ቆመ፤ መስኮቶቹም ለመከፈት እንኳ ቦታ አጡ። የድሮዎቹን ቅጂዎች ምን አደረግሻቸው?»

«አጠፋኋቸው እኮ! ባለፈው ወር።»

«ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ነው ያደረግሻቸው። መጣያውን ደፍተሽዋል?»

ፈትያ ግንባሯን መታች። አልደፋችውም።

«እሱን ባዶ እናድርገው። ትእዛዙን ታውቂዋለሽ። ግን ስሚኝ፣ እዚያ ገጽ ላይ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም። አንዲት ምልክት ብትሳሳቺ—»

መሥመሩ ተቋረጠ። መልሳ ደወለች። ደንበኛውን ለጊዜው ማግኘት አይቻልም የሚለው የሴት ድምፅ መለሰላት። እንደገና ደወለች፤ ያው ድምፅ። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው።

«ጠፋ ሰውዬው?» አሉ እትዬ ጀማነሽ።

«ጠፋ። እኛው እንጨርሰዋለን።»

ትእዛዙን ታውቀዋለች። አጭር ናት። ሌላ ጊዜ የብረት ሰውዬው እያንዳንዱን ፊደል እየጠራላት ስለምትጽፍ ተሳስታ አታውቅም፤ አሁን ጣቶቿ ብቻቸውን ናቸው፤ ቸኩለዋልም። ጽፋ ጨረሰችና ቀኝ እጇን ትእዛዙን በሚያስፈጽመው ቁልፍ ላይ አሳረፈች። ልትጫነው ስትል የተወልደ ያልተጨረሰ ንግግር ያዛት።

«እትዬ ጀማነሽ፣ የመጨረሻውን መስመር ያንብቡልኝ። ፊደል በፊደል።»

«አር፣ ኤም። ክፍት። ሰረዝ፣ አር፣ ኤፍ። ክፍት። ከዚያ ይቺ እንደ ትል የተጠማዘዘች ትንሽ መስመር። ክፍት። ያዘመመች መስመር፣ ነጥብ፣ ኤል…»

«ቆይ ቆይ። ከትሏ በኋላ ምን አሉ?»

«ክፍት ነው አልኩ።»

«እርግጠኛ ነዎት? ከያዘመመችው ጋር አልተያያዘችም?»

እትዬ ጀማነሽ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ሲሉ ወንበሩ ተንቋቋ። «ኧረ አልተያያዘችም። አንዲት ፊደል ታስገባለች ክፍተቷ።»

ፈትያ እጇን ከቁልፉ ላይ አነሳች። ትኩስ ምጣድ እንደነካ ሰው ነበር ያነሳችው። ያቺ ትል የመሰለች ምልክት «የፈትያ የሆነ ሁሉ» ማለት ናት። ከቀጣዩ ጋር ከተያያዘች ማሽኑ የሚደፋው መጣያውን ብቻ ነው፤ በመሐል ክፍተት ከገባ ግን ሁለት ትእዛዝ አድርጎ ያነበውና መጀመሪያ የፈትያን ሁሉ ያጠፋል። አምስቱን ቃለ መጠይቆች። የመመረቂያ ጽሑፏን። አባቷ ከመሞታቸው በፊት የቀዳችውን ድምፃቸውን። ቁልፉን ብትጫነው ኖሮ ይህ ሁሉ ቡና ፉት እስኪባል እንኳ አይቆይም ነበር።

«ምነው ልጄ? ተሳሳትኩብሽ እንዴ?»

«አይ…» አለች ፈትያ። «አልሐምዱሊላህ። እትዬ ጀማነሽ፣ አዳኑኝ።»

«ከምን?»

ነገረቻቸው። እትዬ ጀማነሽ ከንፈራቸውን አልመጠጡም። «እኔ እንኳ ክፍተት አልዘልም» አሉ። «አንድ ጊዜ በአንዲት ፊደል ተሳስቼ የአንዱን እንግዳ ሙሉ ልብስ ለሌላው ሰጠሁ። ሰውዬው ትልቅ ስብሰባ ነበረበት፤ ያለ ኮት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስም የማነበው ጣቴን እያስኬድኩ ነው። ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር።»

ፈትያ ክፍተቷን አጠፋች። እትዬ ጀማነሽ ሁለት ጊዜ አነበቡላት፤ ሁለተኛውን ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ፣ ሳትጠይቃቸው። ተጫነችው። የዲስኩን ቦታ እንደገና ስትጠይቀው መቶው ስልሳ አንድ ሆኗል። መሐል ላይ የቆመውን ማሻሻያ ጨርስ አለችው።

«ኧረ አሁንስ እንደ ዝናብ ወረደ፣ ማንበብ አልቻልኩም!»

«አያንብቡት። ሲቆም ብቻ ይንገሩኝ።»

ዝናቡ ሲቆም ማሽኑን አጥፍታ አበራችው። ሁለቱም ጠበቁ። ቆርቆር አለ። ዝም አለ። ከዚያ ከበሮው ተመታ፤ የብረት ሰውዬውም በዚያ ሻካራ እንግሊዝኛው ማውራት ጀመረ።

«በስመ አብ!» እትዬ ጀማነሽ ከወንበሩ ተነሡ። «ማነው ደግሞ ይሄ?»

ፈትያ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ተነስታ ፊታቸውን በእጇ ፈልጋ ሁለቱንም ጉንጫቸውን ሳመች፤ የሳሙናው ሽታ ገና አልለቀቃቸውም። እትዬ ጀማነሽ ደግሞ «በይ ሥራሽን ሥሪ፣ እኔም ልብሴ ውሃ ውስጥ ነው» ብለው ወጡ።

የቀሩትን ሁለት ገጾች ስትጨርስ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። አምስቱንም ላከች። ብዙም ሳይቆይ አቶ ኢተፋ ደወለ።

«ደርሶኛል፣ ፈትያ። የመጨረሻዋን እናት ታሪክ አሁን እያነበብኩት ነው። እሷው አጠገቤ ሆና የምታወራ ነው የሚመስለው።»

«አመሰግናለሁ፣ አቶ ኢተፋ። ስለተከራከሩልኝም… እስካሁን አላመሰገንኩዎትም።»

«ከእንግዲህ የሚያከራክር የለም። ሰኞ ነይና ውል ፈርሚ። ሁለቱን ጓደኞችሽንም ይዘሻቸው ነይ።»

ስልኩን ዘግታ ገና ሳታስቀምጠው ተወልደ ደወለ፤ ኮምቦልቻ ደርሷል። የሆነውን ሁሉ ስትተርክለት፣ ክፍተቷ ጋ ስትደርስ፣ «ኧረ ባክሽ!» ብሎ ጮኸ።

«ጻፊላቸው፣ ፈትያ። አንባቢውን ድምፅ የሚሠሩት ሰዎች ሁሉም አንድ ላይ የሚጻጻፉበት የኢሜይል አድራሻ አላቸው። ብዙዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው ነው የሚሠሩት፣ ማንም አይከፍላቸውም። ዲስክ ሲሞላ ድምፁ ቀድሞ እንዲያስጠነቅቅ ቢያደርጉት እንዳንቺ ላሉ ሁሉ ይጠቅማል። በዚያው አመስግኛቸው፣ የሚያመሰግናቸው የለም።»

ጻፈች። ለአራት ዓመት በድምፃቸው ስትማርና ስትሠራ አንድ መስመር ጽፋላቸው እንደማታውቅ ታወሳትና አፈረች፤ ምስጋናውን አስቀደመች። ቀጥላ የገጠማትን አንድ በአንድ ዘረዘረች። «ስክሪኑን ያነበበችልኝ አንዲት ጎረቤት ናት» የሚለው ላይ ስትደርስ በሩ ተንኳኳ።

«ደረሰልሽ?» እትዬ ጀማነሽ ናቸው።

«ደረሰ! ይግቡ፣ ይግቡ። ስለ እርስዎ እየጻፍኩ ነው።»

«ስለ እኔ? ለማን?»

«ይህን ድምፅ ለሠሩት ሰዎች። በየአገሩ አሉ።»

እትዬ ጀማነሽ ወንበሩ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ያን ሁሉ ዓመት የሰው ስም ሳነብ ኖርኩ» አሉ። «የጃፓኑን፣ የጣሊያኑን፣ የሕንዱን። የእኔን የጻፈው ማንም የለም።»

«የአባትዎ ስም ማን ነው?» አለች ፈትያ። ሁለት ዓመት ሙሉ አለመጠየቋ አሁን ነው የተሰማት።

«ከተማ። ጀማነሽ ከተማ።»

ፈትያ «አንዲት ጎረቤት» የሚለውን አጠፋች። ስሙን ልትጽፍ ጣቷን ዘረጋችና መለሰችው። ኪቦርዱን በሁለት እጇ ይዛ ጠረጴዛው ላይ ወደ እትዬ ጀማነሽ ገፋችው።

«እርስዎ ይጻፉት» አለች።