በሚዛን ወረቀት ጀርባ

«ለተከበሩ አቶ ጎሳዬ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ» ብሎ ሽበሺ ማንበብ ሲጀምር፣ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ለቀስተኛ ሁሉ ንፍሮውን ማኘክ አቆመ።

ሽበሺ የእድሩ ጸሐፊ ነው። ከሩቅ የሚላኩ የማጽናኛ ደብዳቤዎችን በለቀስተኛ ፊት ቆሞ ማንበብ የሱ ድርሻ ነው፤ ድምፁንም ይወዳታል። በዚያ ጠዋት ሟቹ ጎሳዬ ሚዛን ላይ ይሠራበት ከነበረው የቡና ማበጠሪያ አምስት ፖስታዎች መጥተውለት ነበር። አራቱ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚሉ ናቸው። አምስተኛው ግን ሟቹ በሕይወት ሳለ ተጽፎ መንገድ ላይ የቆየ፣ ለራሱ ለሟቹ የተላከ ነበር። ሽበሺ ፖስታውን ሲቀድ ዓይኑን ጣል ቢያደርግበት ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አላደረገም። አንዴ ከጀመረ ደግሞ እሱን አራት ነጥብም አያስቆመው።

«ባለፈው የላኩልኝን ቃል ሌትም ቀንም እለዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ከልብ ካልሆነ ከየት ይመጣል? እባክዎን ሌላም ይጨምሩልኝ። ባሌ በሄደበት ከቀረ ወዲህ ደስታዬ እሱ ብቻ ነው። ሐጂራ አባቦራ፣ ከአጋሮ።»

ሽበሺ ወረቀቱን አጠፈ። አንድ ሽማግሌ «ነፍስ ይማር» አሉ። ሰዉም ተቀብሎ «ነፍስ ይማር» አለ።

ሴቶቹ በተቀመጡበት ማዕዘን ጎረቤቷ ወርቅዬ ወደ አንዷ ጆሮ ጠጋ ብላ «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ይሄ ነው» አለች። በሹክሹክታ ማለቷ ነው። የወርቅዬን ሹክሹክታ ግን ሰፈራቸው መንደራ ቆጪ ከዳር እስከ ዳር ይሰማዋል፤ ሰሌኑ ላይ ኩርምት ብላ የተቀመጠችው የሟቹ ሚስት ያለምወርቅ እንዴት አትስማው?

ሰምታለች። አላለቀሰችም፤ ቀናም አላለች። ጎሳዬ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ እሷ ግን ካረፈበት ሰዓት ጀምሮ ከአፏ የወጣ ቃል በጣት ይቆጠራል። ሰው ሐዘን አደነዘዛት ብሏል። እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ዝም ማለት የጀመረችው እሱ ከመሞቱ በፊት ነው።

ያለምወርቅን ለሚያውቃት ይህ የሚታመን አይደለም። ቡና ለቃሚ ነበረች። በማበጠሪያው ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ከሚቀመጡት ሴቶች ጋር ጥቁሩንና ስንጥሩን እየለየች ስትጥል አፏ ከእጇ ይፈጥናል፤ አለቃው «ይቺን ልጅ አፏን በኬሻ ስፉልኝ» ይል ነበር። ሚዛኑ ዘንድ የሚቆመው ዝምተኛው ጎሳዬ ግን ሥራ ሲፈታ እየመጣ ከጠረጴዛው አጠገብ ይቆማል። ምንም አይናገር። በዓመቱ ሽማግሌ ላከ። ሴቶቹ «አፍሽን ሊዘጋው ነው» ብለው ሳቁባት።

ያ ዝምተኛ ሰው ግጥም ይጽፋል። ዘፋኞች ከአዲስ አበባ እየላኩ ይወስዱለታል፤ ዜማውንም አንዳንዴ ራሱ ያበጅላቸዋል። ሬዲዮው የዘፋኙን ስም እንጂ የሱን ጠርቶ አያውቅም። ሆኖም ዘፈን የሚወድ ሰው ጠይቆ ማግኘቱ አይቀርም፤ ከቦንጋም፣ ከሊሙም፣ ከአጋሮም ደብዳቤ ይመጣለታል። እሱም ለእያንዳንዱ መልስ ይጽፋል። ያለምወርቅ ፊደል አልቆጠረችምና ከእራት በፊት መነጽሩን ሰክቶ ያነብላታል። የሁሉንም እስከ ፊርማው ያነባል፤ የሐጂራን ግን ግማሽ ላይ ሲደርስ ያጥፈዋል።

«ቀሪውስ?» ትለዋለች።

«ቀሪው ሰላምታ ነው» ይላታል።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀሪው ሰላምታ ነው።

እሱስ ባልከፋት። የከፋት ሌላ ነው። እሷ ስታወራ ጎሳዬ ድንገት ብድግ ይልና በጓሮው በር ደጅ ይወጣል። ጎረቤት መጥቶ ሲያወራ አይነሳም፤ ወርቅዬ ግማሽ ቀን ስትለፈልፍ እንኳ አንገቱን እየነቀነቀ ይቀመጣል። ያለምወርቅ ስትናገር ነው የሚነሳው። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት፣ በቡና ወቅት ሊሙ ሁለት ወር ቆይቶ የተመለሰ ቀን፣ ናፍቆቷን እየነገረችው ወጥ ስታወጣ ተነስቶ ወጣ። ምን እያለችው እንደነበር ረስታዋለች። የተነሳበትን ግን አልረሳችውም። ከዚያ በኋላም ስንቴ! ትቀየማለች፣ ታኮርፋለች፣ በማግስቱ አፏ አላስችል ይላትና እንደገና ትጀምራለች። ባሏ ነዋ። ለማን ታውራ?

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ገበያ በርበሬ ልትገዛ ሄዳ፣ ሻይ ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ሬዲዮ ሲሰማ አየች።

ዝናብ መጣ ብዬ በሬን ከዘጋሁት፣
ውጭ የቀረህ መስሎኝ መልሼ ከፈትሁት።

እዚያው ቆማ አለቀሰች። የባሏ መሆኑን ታውቃለች። «ይሄን የሚያውቅ ሰው እንዴት እኔን አይሰማኝም?» ብላ ነው ያለቀሰችው።

ዘንድሮ፣ በስልሳ አንዱ ክረምት፣ ጎሳዬ ደረቱን ታሞ ተኛ። ሲያስል ያድራል። አንድ ማታ ጀርባውን እያሸችለት የሆነ ነገር አለችው። የፍቅር ነገር ነበር፤ እሷስ ለፍቅር ነው ያለችው። እሱ መነሳት አቅቶታል። ስለዚህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያን ጊዜ ውስጧ የሆነ ነገር ተቆረጠ። «እንግዲህ በቃኝ» አለች በልቧ። ከዚያች ማታ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ አጥሚቱን ታጠጣዋለች፣ ገላውን ታብሰዋለች፣ ቃል ግን የለም። በመጨረሻው ዋዜማ ዓይኑን ገልጦ አያት።

«ዛሬም ምንም አትይኝ?»

«ምን እላለሁ?» አለችው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አረፈ። አሁን ድንኳኑ ውስጥ እያንገበገበ የሚበላት ይህ ነው። ፊቱን ያዞረው ጠልቷት እንደሆነ፣ ዝምታዋ ልክ ነበር። ካልሆነስ?

በሦስተኛው ቀን ሰልስቱ ወጥቶ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ አንዲት ቀጭን አሮጊት ከጋሪ ወርደው፣ ሽርጣቸውን ከጭቃው ሰብሰብ አድርገው ወደ ድንኳኑ መጡ። በሻሽ የተቋጠረ ነገር በብብታቸው ይዘዋል። ከአጋሮ በሎንቺና መምጣታቸውን ባለ ጋሪው አስቀድሞ ለወርቅዬ ተናግሯል።

«መጣች!» አለች ወርቅዬ።

ሐጂራ ሙሾ አላወረዱም። በቀጥታ ሄደው ከያለምወርቅ አጠገብ ሰሌኑ ላይ ተቀመጡና ጉልበቷን ያዙ።

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፣ ልጄ። ሾፌሮች ናቸው የነገሩን። የኔ ደብዳቤ ገና ሳይደርሳቸው…» እንባ አቋረጣቸው።

«ደርሷል» አለች ያለምወርቅ። ድምፅዋ ሻካራ ነበር። «እዚህ ሰው ፊት ተነበበ። እማማ ሐጂራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው፤ ዋሽተው ግን እንዳይነግሩኝ። የላከልዎት ቃል ምንድን ነው?»

ሐጂራ ግራ ገብቷቸው አዩዋት። ከዚያ ዞረው ሴቶቹን አዩ፤ ጆሮውን ያልቀሰረ አልነበረም። ቀስ እያለ ገባቸውና፣ በሐዘን ቤት ነውር መሆኑን እያወቁ፣ ሳቅ አመለጣቸው።

«ወይ ጉድ! እኔን ከእሳቸው ጋር? ልጄ፣ እኔ ፊደል አላውቅ። አጋሮ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቲጃኒ የሚባል ማመልከቻ ጸሐፊ አለ። የኔን እሱ ይጽፋል፣ የሳቸውን እሱ ያነብልኛል፤ ባለጉዳዩ ሁሉ ከቦ እየሰማ። በፍርድ ቤት በር የሚነገር ውሽምነት አይታችኋል?»

ወርቅዬ የንፍሮውን ሰሃን አንስታ ወደ ጓዳ ሄደች። የሚሠራ ነገር የነበራት አልመሰለም።

ሐጂራ ሻሹን ፈቱ። ሠላሳ የሚሆኑ ደብዳቤዎች ነበሩ። ከታች ያለውን፣ ቢጫውን፣ ስበው አወጡና ዘረጉት። ገልብጠው ነበር የያዙት፤ ግን ምንም አላስቸገራቸውም። ቲጃኒን አሥር አሥር ጊዜ እያስነበቡ በቃላቸው ይዘውታል። ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ እየነዱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አሉት፦

«ወይዘሮ ሐጂራ፣ ‹ዝናብ ሲመጣ በሬን መልሼ መክፈቴን ማን ነገረዎት?› ብለው ጠይቀውኛል። ስለርስዎ የነገረኝ የለም። ቃሉ የባለቤቴ ነው። ከሊሙ የተመለስኩ ቀን እራት ስታቀርብ ያለችኝ ነው። የኔ ሥራ ቤት ማስመታት ብቻ ነው። እንዳይጠፋብኝ ብዬ ተነስቼ ደጅ ወጣሁና በሚዛን ወረቀት ጀርባ ጻፍኩት። ስመለስ ወጡ በርዶ፣ እሷም ተቀይማ ነበር። እባክዎን ለማንም አይንገሩብኝ። ማዳመጤን ካወቀች ቃሏን እየመረጠች ትናገራለች። ያን ጊዜ እኔ ባዶ ሰው ነኝ።»

ያለምወርቅ ቢጫውን ወረቀት ተቀብላ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«በያንዳንዱ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ‹ያለምወርቅ ምን አለች?› እያልኩ እጠይቃለሁ» አሉ ሐጂራ። «እሳቸውም ይልኩልኛል። ሦስቱን አራቱን ቃልሽን። ዘፈን የሆነም አለ፣ ያልሆነም አለ። ኤዬ፣ እኔ ላንቺ ነበር የምጽፈው።»

«ቀሪው ሰላምታ ነው ይለኝ ነበር» አለች ያለምወርቅ። ከዚያም ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ቁጣ ነበር። «ሃያ ዓመት! ሃያ ዓመት ሙሉ ጀርባውን እያየሁ! አንድ ቀን ዞር ብሎ ‹ጥሩ ብለሻል› ቢለኝ ምን ነበረበት? አፌ ይዘጋ ነበር? ይብስብኝ ነበር እንጂ!»

«ፈሩ» አሉ ሐጂራ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እኔም ቃል አስገቡኝ፣ ጠበቅሁላቸው። አሁን ሳይሽ ይቆጨኛል።»

«የመጨረሻውስ?» አለች ያለምወርቅ። የጠየቀችው ፈርታ ነው። «የመጨረሻው ምን ይላል?»

ሐጂራ ከላይ ያለውን አነሱ። እሱን ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ሳይሆን እሷን እያዩ ተናገሩት።

«ትናንት ማታ ባለቤቴ ጀርባዬን እያሸች ‹ስታስል ደስ ይለኛል፤ ዝም ስትል ነው የምፈራው› አለችኝ። ደጅ መውጣት አቃተኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ እስኪነጋ እንዳይጠፋብኝ በልቤ ስደግመው አደርኩ። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ቤትም አላስመታውም፣ እንዲሁ ይቀመጥ።»

ያለምወርቅ ያን ጊዜ አለቀሰች። ደረቷን አልመታች፣ አልጮኸች። ግንባሯን የሐጂራ ጉልበት ላይ ደፍታ «እኔ እኮ ዘጋሁት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዘጋሁት፣ እማማ። እየጠየቀኝ ‹ምን እላለሁ› አልኩት» እያለች ትንፋሿ እስኪያጥር አለቀሰች። ሐጂራ አይዞሽም አላሉ፣ ያውቅልሽ ነበርም አላሉ። ጀርባዋን እየዳበሱ «ማል ጎና ሬ» አሉ፣ «ምን እናደርጋለን እንግዲህ።»

ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ሰው እየተሰናበተ ሄደ። የእድሩ ሰዎች አግዳሚዎቹን ሰበሰቡ፤ ሽበሺ ከሩቅ ቆቡን አውልቆ ይቅርታ ይሁን ስንብት ያልለየ ነገር አድርጎ ወጣ። ወርቅዬ ለሁለቱ ሴቶች ሻይ አምጥታ፣ ማንም ሳይጠይቃት «እኔ እኮ ምንም አላልኩም» ብላ ተመለሰች። ሁለቱ ቤት ገብተው መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የጓሮው በር ክፍት ነበር።

ያለምወርቅ ሻይዋን አልነካችም። ለሐጂራም ለማንም በማይመስል ድምፅ ጀመረች።

«ሰው ሲሞት ቤት ይሰፋል ይላሉ» አለች።

ትንሽ ቆየች።

«ውሸት ነው። የኔ ቤት ጠበበች።»

አሁንም ቆየች። እንደዚህ ቃል በቃል፣ እያረፈች ተናግራ አታውቅም።

«በዞርኩበት ሁሉ የምጋጨው ካንተ ጋር ነው።»

ሐጂራ የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ያለምወርቅ ዓይኗን ከጓሮው በር ሳትነቅል እጇን በቀስታ ዘርግታ፣ አንድ ጊዜ ይታገሱኝ በሚል፣ የአሮጊቷን እጅ ያዘች። ጽፎ እስኪጨርስ ጠበቀችው።