ድንጋይ ያልተጋደመበት ዱካ

ደቡቡ ነፋስ በያዘ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሱሄል በረዶ የለበሰውን ዓሣ ፒክአፑ ላይ ጭኖ ሲያበቃ አባቱ ማታር ዘንድ መጣ።

«አባዬ፣ ዛሬ በጠጠሩ መንገድ አልዞርም። ሙቀቱ በረዶውን ይጨርስብኛል። በእርስዎ ዱካ የጨዉን ሜዳ አቋርጣለሁ።»

ማታር ያነሳው ቴምር አፉ ሳይደርስ ቀረ። አብሮት የተቀመጠው ጎረቤቱ ባኺት ግን በደስታ ጭኑን መታ።

«ጎሽ! ያ ዱካ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልረገጠውም። እኔማ ይኼ ሽማግሌ ዋሽቶናል እያልኩ ነበር።»

«አንተ ብሎ ዱካ አንባቢ!» አለ ማታር። «የራስህን ግመል ከሰው ግመል የማትለይ።»

ሳቁ። ማታርም አብሮ ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ ኋላ የቆጨው ይህ ሳቅ ነው።

በዚያ የባሕር ዳርቻ ከአንዱ ጎጆ እስከ ሌላው የቀን መንገድ ነው። ሰው ፊት ለፊት የሚገናኘው አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ የሚተዋወቀው በዱካ ነው። ጨዉ ላይ ያለፈ ጎማ ለዓመታት አይጠፋም፤ የፊተኛው በሄደበት የኋለኛው አምኖ ይነዳል። ስለዚህ አንድ ሕግ አላቸው። መሬቱ አልሆን ብሎት የተመለሰ ሰው፣ የዱካው አፍ ላይ ሦስት ድንጋይ አጋድሞ ይሄዳል። ድንጋይ የሌለበት ዱካ ሰው በደህና የተሻገረበት ነው። ይህን ሕግ ያፈረሰ ሰው የውሃ ጉድጓድ ከመረዘ ሰው አይሻልም።

ማታር አፍርሶታል። የዛሬ ሦስት ዓመት መሐል ሜዳው ላይ ሲደርስ መሬቱ እንደ ገንፎ ራደበት፤ በገባበት ዱካ ላይ የኋሊት እየነዳ ወጣ። ከዚያ በጠጠሩ ዞሮ ማዶ ሲደርስ፣ «በጨዉ መጣሁ» አለ። በመንገድ መሪነቱ የተከበረ ሰው ነበርና ምላሱ ቀደመው። ድንጋይ ቢያጋድም ደግሞ መመለሱ ሊታወቅበት ነው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የማታር ግን እያደር ከበደው።

«ዛሬስ ይቅርብህ» አለ ልጁን በቀስታ። «ነፋሱ ደቡብ ነው። ባሕሩ ከሥር ይገባል፤ ከላይ ምንም አይታይም።»

«እርስዎስ በደቡብ ነፋስ አይደል እንዴ የተሻገሩት?»

እንዲህ ብሎ ነበር፤ ወሬው እንዲያምርለት ነፋስ ጨምሮበታል። አሁን እውነቱን መናገር ነበረበት። ነገሩ ከአንድ ቃል አያልፍም። ግን ባኺት ጢሙን እያሻሸ ያየዋል፤ የሱሄል ሚስት ገዛልም በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«እንግዲያው ቀስ ብለህ ንዳ» አለ።

ሱሄል ከማዶው ጉብታ ላይ ሆኖ ቀትር ላይ ሊደውል ነበር። ቀትር አለፈ። የዐስር ሶላትም ተሰገደ። ገዛል ስልኳ ኔትወርክ እንዲይዝላት የአሸዋው ጉብታ ላይ ሦስት ጊዜ ወጥታ ወረደች። በአራተኛው ስትወርድ ማታር ፊት ቆመች።

«አባባ፣ እርስዎ ሲሻገሩ ስንት ሰዓት ፈጀብዎ?»

ነፋሱ የጎጆውን ሰሌን ያርገበግበዋል።

«አባባ፣ ስንት ሰዓት?»

«አልተሻገርኩም» አለ ማታር። «ከመሐል ተመልሻለሁ።»

ገዛል አልጮኸችም። ዓይኖቿን ከሽማግሌው ላይ አንስታ ወደ ጨዉ አዞረች። ባኺት ሊቀልድ ከፍቶት የነበረውን አፉን ዘጋ፤ ተነሥቶ የመኪናውን ቁልፍ ፈለገ።

ማታርና ባኺት ሜዳው ዳር ሲደርሱ መኪናዋን ትተው በእግራቸው ገቡ። ጨዉ ነጭና ደረቅ ነው፤ ከሥሩ ግን ውሃ ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ማታር አጎንብሶ እያነበበ ይሄዳል። አሮጌው ዱካ ላይ የልጁ ጎማ በጥንቃቄ አርፎበታል፣ አንድ ጣት እንኳ አልሳተም። አሮጌው ዱካ ያለቀበት ደረሱ።

«እዚህ ላይ ቆሟል?» አለ ባኺት።

«አልቆመም። ፍሬን እንኳ አልያዘም።» አለ ማታር። «የቀረውን ዱካዬን ውሃ ያጠፋው መስሎታል። አምኖኝ ነው የነዳው።»

ከዚያ ወዲያ ሃምሳ እርምጃ ያህል ላይ ፒክአፑ እስከ መስኮቱ ሰምጧል። ጎማው የሰባበረው ጨው ከኋላው ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ሱሄል በዚያ መመለስ ስላልቻለ ያልተነካውን ነጭ መርጦ በጎን ወርዷል። የእግሩ ዱካ ሰባት ነው፤ አንዱ ከአንዱ ይጠልቃል። ከሰባተኛው ወዲያ ለጥ ባለው ጭቃ ላይ የራስ መጠምጠሚያው ብቻ ተዘርግቷል።

ከመውረዱ በፊት ግን ከጭነቱ ላይ ዘንበል ብሎ አንድ ሥራ ሠርቷል። በዚያ ሜዳ ድንጋይ አይገኝም። ከመኪናው ጀርባ፣ ዱካው ላይ፣ ሦስት ትልልቅ ዓሦች ጎን ለጎን ተጋድመዋል።

ማታር ጫማውን አውልቆ ወደ ፊት ተራመደ። ጨዉ ከእግሩ ሥር ተንቀጠቀጠ። ባኺት ከኋላ ወገቡን አቀፈው።

«ልቀቀኝ! ልጄ ነው!»

ባኺት እያለቀሰ አጥብቆ ያዘው። «ድንጋዩ ተጋድሟል፣ ማታር። አይታለፍም።»