የመንበረ ምንጣሮ

መንበረ ልጇ ብሩክ ሆዳም መሆኑን ለዕድሩ ሰው ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ በየወሩ በሚሰበሰበው ዕድር ይህን ያልሰማ ሰው ካለ፣ በዕለቱ ያልመጣ ሰው ነው። «የአባቱን መሬት ሸጦ ኮንዶ ሊገዛ ነው የሚያስበው» ትላለች፤ የሚሰማት ሰው ከንፈሩን እስኪመጥላትም አትለቀውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ እምሩ በጃንሆይ ዘመን ለትምህርት መጥቶ እዚሁ የቀረ የአፈር ተመራማሪ ነበር። የኖረው አልባኒ ውስጥ፣ ሁለት መኪና በማያስቆም ግቢ ሲሆን ልቡ ግን ከሳንሆዜ በላይ ተራራው ላይ በገዛው አሥራ አንድ ኤከር ጫካ ነበር። ከጫካው ጋር አንዲት የእንጨት ጎጆ አለች። እምሩ ኩላሊቱን ታሞ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው፤ በኑዛዜው መሬቱን ለሚስቱና ለልጁ እኩል አወረሰ። መንበረ ባሏን ብዙ ነገር ይቅር ብላዋለች፤ ይህን «እኩል» የሚለውን ቃል ግን ገና ይቅር አላለችም።

ሁለት ዓመት ማንም ያልነካው ቁጥቋጦ ጎጆዋን ሊውጣት ደረሰ። የኦክላንድ ኮረብታ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከተቃጠለ ወዲህ ደግሞ በዚያ አገር በደረቅ ቁጥቋጦ ቀልድ የለም። በጁን መጀመሪያ ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ፦ በጎጆዋ ዙሪያ ሠላሳ ጫማ፣ በመግቢያው መንገድ ግራና ቀኝ አሥር አሥር ጫማ ተመንጥሮ ይጠብቅ፤ ሰኞ ጁን 16 ተቆጣጣሪ ይመጣል።

ብሩክ ሳኒቬል ውስጥ የኮምፒዩተር መሐንዲስ ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ። አማርኛ ይሰማል፣ የሚመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ደብዳቤውን በስልክ ስታነብለት ጊዜ አላጠፋም።

«ማሚ፣ ብቻሽን አትችይውም። እንሽጠው» አለና ደላላው የነገረውን ዋጋ ጠራላት።

ዋጋውን መጥራቱ ነው ያቃጠላት። አንድ እሷ ስትል አንድ እሱ ሲል ነገሩ ተካረረ፤ በመጨረሻ ብሩክ ቁርጡን ተናገረ። እስከ ሰኞ ራሷ ካስመነጠረችው ስለ መሸጥ ሁለተኛ ቃል አይተነፍስም፤ ካልቻለች ግን ትፈርማለች።

«እፈርማለሁ!» ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው። ቀድማ የዘጋች እሷ ስለሆነች ለጥቂት ደቂቃ ያሸነፈች መሰላት። ከዚያ ማን እንደሚመነጥርላት ማሰብ ጀመረች።

አሰበችና ክንፉ ትዝ አላት። ክንፉ ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖሮ በዲቪ የመጣ ሰው ነው። ባለፈው ወር ዕድሩ ላይ ሥራውን ቢጠይቁት «ትራክተር ነው የምነዳ» ሲል በጆሮዋ ሰምታለች። የዚያን ለት «ወይ አሜሪካ! መምህሩን ሁሉ አራሽ አደረገችው» ብላ አዝናለት ነበር። አሁን ግን እግዜር ለእሷ ብሎ ያደረገው መሰላትና ደወለችለት።

«ክንፉ፣ ልጄ፣ ትራክተር ትነዳለህ አይደል?»

«አዎ፣ እትዬ መንበረ። የራሴ ነው እንዲያውም፤ አምና ነው የገዛሁት።»

የራሱ! መንበረ ተነስታ ቆመች። «ቅዳሜ ኦፍ ነህ?»

«ለእርስዎ ከሆነ ኦፍ አደርጋለሁ። ሥራው ምንድን ነው?»

«ቁጥቋጦ ነው። ተራራው ላይ።»

«ኖ ፕሮብሌም። ተጎታቹን ይዤው ልምጣ?»

መንበረ ተጎታች ማለት ትራክተሩ ተጭኖ የሚሄድበት ጋሪ መሰላት። «መንገዱ ጠባብ ነው፤ እሱን ተወው። ራሱን ብቻ እየነዳህ ና።»

«ራሱን ብቻ?» አለ ክንፉ ግራ እየገባው። ትልቅ ሰው አይጠየቅምና እሺ ብሎ ዘጋ።

ቅዳሜ ጠዋት መንበረ ተራራው ላይ የመግቢያውን በር ከፍታ ስትጠብቅ ከታች ከመታጠፊያው ድምፅ መጣ። የትራክተር ድምፅ ታውቃለች፤ ይሄ ግን ተራራውን የሚያንቀጠቅጥ ነው። የጎረቤት ውሻ ጮኸ፤ ቅርንጫፍ ተሰበረ። ከዛፎቹ መሀል አሥር ጎማ ያለው፣ ቀይ፣ ቤት የሚያህል የጭነት መኪና ራስ ብቅ አለ። ከላይ ክንፉ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ እጁን ያወዛውዛል።

«ትራክተሩስ?» አለችው ሲወርድ።

«ይኸው፣ እትዬ!»

«ይሄ መኪና ነው!»

«እኔ የምሠራበት ወደብ ላይ እኮ ትራክተር ነው የሚባለው። ኮንቴይነሩ ሲነሳለት፣ ይሄ ራሱ ትራክተር ነው። ፔፐሩ ላይም አለ።» የመኪናውን ወረቀት አውጥቶ ጣቱን አኖረበት። እውነትም ትራክተር ይላል።

«በዚህ ልትመነጥርልኝ ነው የመጣኸው?»

«ኧረ እኔ የተመነጠረውን ልጭንልዎት ነበር!»

«በምን ላይ?»

«ተጎታቹን ተወው አሉኛ! እኔም ገርሞኝ ነበር፤ ደግሜ ብጠይቅ ይቆጡኛል ብዬ ነው።»

መንበረ መንገድ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ሲበርድላት እንባዋ ተከተለ። ቅዳሜ ነው፤ ሰኞ ከነገ ወዲያ ነው። የሚያከራዩት ሰዎች ጋ ሁሉ ደውላ እስከ ወር መጨረሻ ያልተያዘ ትራክተር እንደሌለ ሰምታለች። መሬቱ ከእጇ ሲወጣ ታያት።

ክንፉ ራሱን እያከከ «የእርስዎ ባለቤት በምን ነበር የሚመነጥሩ?» አላት።

በምን እንደነበር ታውቃለች። መጋዘኑ ውስጥ በሸራ የተሸፈነ አሮጌ ሰማያዊ ትራክተር አለ፤ ከኋላው ቁጥቋጦ የሚከትፍ ማጨጃ ተገጥሞበታል። እምሩ ከሞተ ወዲህ ሞተሩ አልተነሳም። እምሩ በሕይወት እያለም እሷ ትራክተሩን አልነካችም፤ በቀረበች ቁጥር «ራቅ በይ!» ይላት ነበር። ስታስታውሰው አሁንም ደሟ ይፈላል። ቤት የምትመራ፣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራች ሴት ከብረት ላይ እንደ ዶሮ እሽ ስትባል!

ክንፉ መመንጠር ባያውቅም ናፍጣ ያውቃል። ሁለት ዓመት የቆየውን ናፍጣ ቀድቶ አወጣ፣ ከራሱ መኪና ሞላ፣ ቧንቧው ውስጥ የገባውን አየር አስተነፈሰ። ባትሪው ሞቷል። መኪናው በበሩ አይገባምና ከመኪናው አንዱን ባትሪ ፈታና በትከሻው ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። ሞተሩ ሁለቴ አስነጥሶ ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሳ። ሁለቱም እልል ለማለት ምንም አልቀራቸውም።

ነጂው ክንፉ ነው ተባለ። ወንበሩ ላይ ወጥቶ ወደ ፍሪዌይ እንደሚገባ ሰው ለቀቀው። ሠላሳ እርምጃ ሳይሄድ ማጨጃው ከጉቶ ተላተመና ሞተሩ ጠፋ። አስነሳው፤ ደግሞ ጉቶ። ሦስተኛው ላይ መንበረ መጥታ ቆመች።

«ውረድ።»

«ማን ሊነዳው?»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉ። ውረድ ብያለሁ።»

«እትዬ፣ እኔ እናቴ እርፍ ስትጨብጥ አይቼ አላውቅም።»

«እኔም እናትህ አይደለሁም» አለችውና በቀሚሷ ሥር ሱሪ አጥልቃ ወጣች።

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ራቅ በይ የተባለ ሰው ርቆ ቆሞ ያያል። የቱን እግር መቼ እንደሚያነሳ፣ ማንሻውን በየትኛው እጁ እንደሚስብ፣ ጉቶ ሲያይ ማጨጃውን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ ሁሉንም አይታለች። በአንደኛ ማርሽ፣ በሰው እርምጃ ተነሳች። የእንጆሪው እሾህ ከፊቷ ተጋደመ፤ ከኋላዋ ተከትፎ ወጣ። የመጀመሪያውን መስመር ጨርሳ ዞር ስትል ጠፍቶ የነበረው መግቢያ መንገድ ብቅ ብሎ አየችው። ክንፉ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ ሆነ። ማጨጃው የማይደርስበትን፣ የኦክ ዛፎቹን ሥርና የአጥሩን ጥግ፣ ክንፉ በገጀራ ይከተላል። አንዴ ዞር ስትል ቀላ ያለ፣ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ሐረግ በባዶ እጁ አቅፎ ሲጎትት አየችውና ጮኸችበት።

«ጣለው! ፖይዝን ኦክ ነው፤ ቆዳ ያሳብጣል!»

«ኧረ ምንም አላለኝም። ሳማ ቢሆን እስካሁን ለብልቦኝ ነበር።»

«ሳማማ ጨዋ ነው፤ ሲነካህ ይነግርሃል። ይሄ በሦስተኛው ቀን ነው የሚነግርህ።»

ክንፉ ሳቀ። ማክሰኞ ግን አልሳቀም።

እሑድ ከቀትር በኋላ መንገዱ አልቆ፣ ጎጆዋም በሦስት ወገን ነፃ ወጥታ ነበር። የቀረው ከጎጆዋ ጀርባ ያለው ቁልቁለት ብቻ ነው። መንበረ ቁልቁለቱን አየችው፤ ፀሐይዋንም አየች። ክንፉ ታች በሩ ጋ ነው። ድፍረት ለምዳ ነበርና ትራክተሩን በቁልቁለቱ አግድም አስገባችው።

ግማሽ ያህል እንደሄደች በላይ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ከመሬት ተነሳ። ብዙ አይደለም፤ ጡጫ የሚያስገባ ያህል ነው። ግን ወንበሩ ከሥሯ ሲያዘነብል ተሰማት፤ ከታች ያለውን ገደልም በጎኗ በኩል አየችው። እጇ ከእሷ ቀድሞ አሰበና መሪውን ወደ ቁልቁለቱ አዞረ። ጎማው ዷ ብሎ ተመለሰ። ትራክተሩ ጥቂት ወርዶ አንድ ቁጥቋጦ ላይ ተደግፎ ቆመ፤ ሞተሩን አጠፋች።

«እማዬ! ውረጂ! ውረጂ!»

ብሩክ ነው። ሊያይ መጥቶ ኖሮ በተመነጠረው መንገድ ሽቅብ ይሮጣል። ከልጅነቱ ወዲህ እማዬ ብሏት አያውቅም። ደርሶ ክንዷን ይዞ አወረዳትና ሣሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እንግሊዝኛውና አማርኛው እየተቀላቀለበት፣ እየቆመ እየቀጠለ ነገራት። አሥራ ሁለት ዓመቱ ሳለ፣ እዚችው ቁልቁለት ላይ፣ ይኸው ትራክተር ከአባቱ ጋር ተገልብጧል። እምሩ ዘሎ በክንድ ርቀት ነው የተረፈው። ሲነሳ መጀመሪያ የተናገረው «ለእናትህ እንዳትነግራት» ነበር።

«ፈራሁ» አለ ብሩክ በአማርኛ። «ሁልጊዜ ፈራሁ። አንቺ እዚህ ብቻሽን ስትመጪ እኔ እንቅልፍ የለም።»

መንበረ ለስንት ሰው ሆዳም እንዳለችው አሰበች፤ ቆጥራ አልዘለቀችውም። እፍረቱ ፊቷን አቃጠላት።

«ታዲያ ፍርሃትህን ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «የነገርከኝ እኮ ዋጋውን ነው።»

«አባዬ አትንገር አለኛ።»

የራሷን ፍርሃት ልትደብቀው ትችል ነበር፤ ውርርዱም በእጇ ነበር፣ የቀረው አንድ ጎን ብቻ ነው። ግን አብሯት የተቀመጠውን ልጅ አየችው።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለችው። «ልክ ነህ፤ ብቻዬን አልችለውም። ከፈለግህ እፈርማለሁ።»

ብሩክ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና ክንፉን ጠርቶ ሌላ ገጀራ እንዳለ ጠየቀው። ቁልቁለቱን ሦስቱም በእጅ መነጠሩት፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አለቀ። የብሩክ መዳፍ አራት ቦታ ውሃ ቋጠረ።

ሰኞ ጠዋት ተቆጣጣሪው መጣ። ሜትሩን ዘርግቶ ከጎጆዋ ግድግዳ ለካ፣ መንገዱን በእግሩ ወርዶ ወጣ፣ ቁልቁለቱ ላይ ቆሞ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ብሩክ ከሥራ ቀርቶ፣ መዳፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከእናቱ ጎን ቆሟል። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን አወጣና፣ እንደ ልማዱ ይሁን ወይም ወንዱን አስቀድሞ፣ ወደ ብሩክ ዘረጋው።

«የመሬቱ ባለቤት አንተ ነህ?»

ኑዛዜው እኩል ነው ይላል። መንበረ ወደ ልጇ ዞረች።

«እሷ ናት» አለ ብሩክ ወደ እናቱ እየጠቆመ። «እኔ የቀን ሠራተኛዋ ነኝ።»