ከቀለሙ በታች ያለው ግድግዳ

«ልጅቷ የምትተኛበት ክፍል ግድግዳ እርጥብ ነው?» ብሎ የክሊኒኩ ሐኪም ጠየቀኝ። በእጄ ስነካው ደረቅ ነው። የልጄ ደረት ግን ስትተነፍስ ያፏጫል።

የምንኖረው ምድር ቤት ተከራይተን ነው። ባለቤቱ ከላያችን ይኖራል። እኔና ልጄ በሌለበት «ሰዓሊው» እንለዋለን፤ ግድግዳችን ጠቆር ባለ ቁጥር ቀለምና ብሩሽ ይዞ ይመጣልና። ገላውን ሲታጠብ ከልጄ አልጋ ራስጌ፣ ግድግዳው ውስጥ፣ ጠብ ጠብ የሚል ነገር እሰማለሁ።

«ጋሼ፣ ልጄ እየታመመችብኝ ነው» አልኩት።

«እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ እያሰጣሽ እኔ ምን ላድርግሽ? እናት ነኝ ትላለች ደግሞ።»

ይህን ያለው ልጄ ፊት ነው። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ፣ እውነት ይሆን እንዴ ብላ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካልሲ እንኳ ውጭ ነው የማሰጣው። ደረቷ አልተሻላትም። እሱን ሳገኘው «እንደምን አደሩ» እላለሁ፤ ሆዴ ውስጥ ግን ቀኑን እጠብቅለት ነበር።

ቤቱን ሊሸጥ ገዢ አገኘ። ገዢዋ የቀጠረችው የቤት ፈታሽ ቀድሞ የውጭው በር ላይ ወረቀት ለጠፈ። ሰዓሊው በጣቱ እያሳየኝ፣

«ፍተሻ አለ። ተከራይ ይውጣ ነው የሚለው። ሐሙስ ጠዋት ልጅሽን ይዘሽ ዞር በይ» አለኝ።

«እሺ ጋሼ።»

ውሉን ስንዋዋል አውራ ጣቴን ቀለም ያስነካኝ እሱ ነው። ከስምንት ወር ወዲህ ከሥራ ስወጣ የጎልማሶች ትምህርት እንደምገባ ግን አያውቅም። እሱ ሲሄድ ጣቴን ከፊደል ፊደል እያሳለፍኩ አነበብኩት። «ፍተሻው በሙቀት ካሜራ ስለሆነ የውሃ ማሞቂያው ከዋዜማው ጀምሮ ይብራ። ዕቃ ከግድግዳ ይራቅ። ነዋሪዎች ቢገኙ ይመረጣል።» ተሳስቼ እንዳይሆን ሁለቴ ደገምኩት። ውጡ የሚል ቃል የለበትም።

ረቡዕ ማሞቂያውን ሳየው ጠፍቷል። ያለው ደረጃው ሥር፣ ከእኔ በር አጠገብ ነው። አበራሁት። የልጄንም አልጋ ከግድግዳው አራቅኩ።

ሐሙስ ሰዓሊው፣ ገዢዋና ፈታሹ መጡ። ሰዓሊው እኔን ሲያይ ቆም አለ።

«አልወጣሽም እንዴ?»

«ወረቀቱ ብንገኝ ይመረጣል ይላል ጋሼ።»

«ማን አነበበልሽ?»

«ማንም።»

ፈታሹ ካሜራውን ወደ ግድግዳው አዞረ። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነው። «እዚህ ምንም አይታይም» አለ። ሰዓሊው ፈገግ አለ።

«ጌታዬ፣ ላይ ያለው መታጠቢያ ቤት ሙቅ ውሃ ይከፈትልኝ» አልኩ።

«ማሞቂያው ጠፍቷል» አለ ሰዓሊው ፈጠን ብሎ።

«አብርቼዋለሁ። ይብራ ይላል ወረቀቱ።»

ገዢዋ ራሷ ወጥታ ከፈተችው። ጥቂት ቆይቶ ከጣሪያው ሥር ብርቱካንማ መስመር ወረደ፤ ከልጄ ትራስ ትይዩ ሲደርስ እንደተዘረጋ እጅ ሰፋ።

«ካሜራው ውሃ አያይም» አለ ፈታሹ፣ «የሙቀት ልዩነት ነው የሚያየው። ማሞቂያው ባይበራ ኖሮ አልፈነው ነበር።» ባለ ሁለት ሹል መለኪያውን ግድግዳው ላይ ሰካ። «ውስጡ በስብሷል። ከላይ ቀለም ብቻ ነው የያዘው።»

ልጄን ጠርቼ ስክሪኑን አሳየኋት።

«እማ፣ ትራሴ ያለበት ነው?»

«አዎ የኔ ልጅ። ልብሳችን አይደለም።»

ይህን ያልኩት እሱን እያየሁ ነው። ከዚያም ቀስ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ብሩሽ ላምጣልዎት?» አልኩት።

ገዢዋ ግዢውን ትታ ያኔውኑ ሄደች። ሰዓሊው እኔን በሳምንት ውስጥ ልቀቂ አለኝ። ፈታሹ የሰጠኝን ሪፖርት ለሐኪሙ ራሴ አነበብኩለት። ከዚያ አስባዝቼ፣ የፍተሻው ወረቀት በነበረበት በር ላይ ለጠፍኩት። ሰዓሊው ቀደደው። ደግሜ ለጠፍኩ፤ ቤቱን ከለቀቅንም በኋላ ወደ ሥራ የምሄደው በዚያው ነው። ገዢዎች ይመጣሉ፣ ያነባሉ፣ ይመለሳሉ።

ቤቱን ሸጦ የራሱ ልጅ ወዳለበት ከተማ ሊሄድ ሻንጣውን አሰናድቶ የነበረው ሰዓሊው ነው። የወጣነው እኛ ነን፤ እሱ እዚያው ቀረ።