በቤተሰብ ልክ የተቆረጠ ፊልም

ልጅቷ ደጋግማ አስጠንቅቃዋለች። «አባዬ ፊት ፊልም ሠሪ ነኝ ብለህ እንዳትዘባርቅ። ለእሱ ፊልም ሠሪ ሁሉ ባለጌ ነው። መጀመሪያ ይውደድህ፣ የቀረውን እኔ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ።» እሺ አላት። ልጅ ለመጠየቅ የመጣ ሰው ምን አማራጭ አለው? ይህችን ልጅ ካጣ ደግሞ እንደማይሆንለት ያውቃል፤ ወዷል፣ አበቃ።

አባትየው ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ መቀሱን ወደ ኮምፒውተር ያዞሩ ሰው ናቸው። ፊልም ይገዛሉ፤ መሳሳም፣ ስድብና ስካር ያለበትን ሁሉ ቆርጠው ያወጣሉ፤ የተረፈውን በፍላሽ እየገለበጡ ለጎረቤት ያድላሉ። ሰፈሩ ይመርቃቸዋል። እንግዳው ሳሎን ገብቶ ገና ከመቀመጡ «ቆይ እስቲ፣ ጨዋ ፊልም ላሳይህ» ብለው ቴሌቪዥኑን ከፈቱት።

የመጀመሪያው ምስል ሲወጣ ፊልም ሠሪው ክው አለ። የራሱ ፊልም ነው! ስንት ዓመት የለፋበት፣ እንቅልፍ ያጣበት። ልጅቷን አየት አደረጋት፤ እሷ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

ከዚያማ ምኑ ይወራል። አክተሩ ከፍቅረኛው ጋር ወደ ቤት ገባ፣ በሩ ተዘጋ፣ በሩ ተከፈተ፣ ያው አክተር ሕፃን ታቅፎ ወጣ።

«ሕፃኑ ከየት መጣ?» አለ ፊልም ሠሪው፣ ሳያስበው።

«ተጋቡና ወለዱ። ሌላው ምን ያደርግልሃል?» አሉ አባትየው።

ክፉው ሰውዬ ተሳዳቢ ስለሆነ አንዲት ቃል ሳይናገር እስር ቤት ወረደ። ሰካራሙ ወንድም ጭራሽ አልተወለደም። መጨረሻ ላይ አክተሩ መሞት ነበረበት፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስለቀሰ ሞት ነው። እዚህ ቤት ግን ሐኪም ቤት ገባ፣ ወዲያው ብስክሌት እየነዳ ታየ።

«የሠራው ሰውዬ እዚህ ጋ ሰንፏል። ያለ ምክንያት ገደለው» አሉ አባትየው። «ባለቤቴ ስታለቅስ አላስችል አለኝና ብስክሌት የሚነዳበትን ከፊት ቀንሼ ከኋላ ቀጠልኩለት።»

«እኔማ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር» አሉ እናትየዋ።

ፊልም ሠሪው አንጀቱ እርር አለ። ሳቁም መጣበት። ሁለቱንም ዋጣቸው።

ጉድ የፈላው የሠሪዎቹ ስም ሲመጣ ነው። አባትየው ያንን አልነኩትም። «የሰው ስም ከሥራው ላይ አይቆረጥም፣ ነውር ነው» አሉና እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። «ደራሲና ዳይሬክተር» የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ቅድም በር ላይ የተዋወቁት እንግዳ ስም ነው፣ እስከነአባቱ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ፊልም ሠሪው ይቆጡኛል፣ ውጣልኝ ይሉኛል ብሎ ሲጠብቅ ሽማግሌው ግን ፈሩ። «ልትከሰኝ ነው?» አሉ፣ ሪሞቱን ጭብጥ አድርገው።

«ኧረ ምንም የለበትም» ቢል ይወደድ ነበር። ግን ማስመሰል ሰለቸው። «ጋሼ፣ የሰው ሥራ ቆርጦና ገልብጦ ማደልን ሕጉ አይፈቅድም። ሳልጠየቅ መነካት አልነበረበትም፣ አሞኛል። የገዙትን ፊልም እቤትዎ ከቤተሰብዎ ጋር ሲያዩ ያልወደዱትን በሪሞት ቢዘሉት ግን ማንም አይናገርዎትም።»

«ከቤተሰብ ጋር?»

«ከቤተሰብ ጋር ከሆነ።»

አባትየው ዙሪያውን ቃኙ። ሚስታቸውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ እሱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «እና አንተ አሁን እዚህ ምንድን ነህ?»

«እሱን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው ሪሞቱን ያገላብጡ ጀመር። እናትየዋ ናቸው የገላገሉት። «ሪሞቱን ምን ታገላብጣለህ? ሕግ አክብር እየተባልክ እኮ ነው።»

«ፍላሾቹን ነገ እየዞርኩ እሰበስባለሁ» አሉ አባትየው በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ፊልም ሠሪው ዞሩ። «አንተም ከሳሼ ከምትሆን ልጄ ብትሆን ይሻለኛል።»