ዜሮው ላይ የቆመ ፍለጋ

ምላሷን የቀመሱ ሁሉ «ምላጭ» ይሏታል፤ እሷም ስሙን ጠልታው አታውቅም። ኮድ መጻፍ ያስተማራት ሰው የለም። በተዋሰችው ኮምፒውተር፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ፣ ጥርሷን ነክሳ ብቻዋን ነው የተማረችው። ስለዚህ በአደጋ ጥሪ ማዕከሉ ውስጥ ዲግሪያቸውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን ስታይ ከንፈሯን ታጣምምባቸዋለች።

ወንዙ ጎህ ሲቀድ ሞልቶ የታችኛውን ሰፈር ዋጠው። የስልክ ድርጅቱ ወደ አደጋ ቁጥር የተላከውን መልእክት ሁሉ በአንድ ግዙፍ ፋይል ጠቅልሎ ሰጣቸው። የማዕከሉ አሠራር አጭር ነው፤ ቤተሰብ የጠፋበትን ሰው ስልክ ቁጥር ያመጣል፣ የምላጭ ፕሮግራም ቁጥሩን ከፋይሉ ውስጥ ይፈልጋል፣ ከተገኘ ጀልባ ይላካል። ካልተገኘ ጀልባ የለም። ጀልባው ጥቂት፣ ፈላጊው እልፍ ነው።

ፍለጋው ግን ይንፏቀቃል። ኮዱን በገዛ እጇ ነበር የጻፈችው፤ እያንዳንዷን ባይት፣ ማለትም የፋይሉን ፊደል ሁሉ፣ አንድ በአንድ እየነካ፣ ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ አንገቱን እየደፋ ይሄዳል። በር ላይ ሕዝቡ ይጮኻል። ከጎኗ ከጀልባ ነጂዎቹ አንዱ ተቀምጦ ጉልበቱን ያርገበግባል። ታናሽ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፣ ቤቷም ወንዙ ዳር ነው። ከእናታቸው ሞት ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው።

«እህቴ፣ በሞቴ ቶሎ በይልኝ።»

«ኮምፒውተር ነው እንጂ በቅሎ አይደል፤ በአለንጋ አልነዳው።»

አለቃዋ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከኋላዋ ቆመ። «ልጄ፣ ከሲ የኮድ ቋንቋ ጋር የሚመጣው ላይብረሪ፣ ያ ሁሉ የተዘጋጀ ኮድ እያለልሽ ምን ያፋጭሻል? ሜምቻር የሚባለው ፈንክሽን የቁጥሩን መጀመሪያ ባይት ያለበት ቦታ ያደርስሻል፤ ቀሪውን በሜምኮምፕ ታመሳክሪያለሽ። ስንት ሰው ዓመታት የሞረደው ነገር ነው፤ እንዳንቺ አንድ አንድ ባይት አይለቅምም።»

«የኔውስ ምን ጎደለው፣ ጋሼ?»

«ፍጥነት ነዋ! የፋይሉን ርዝመት ደግሞ ራስሽ ስጪው፣ የት እንደሚያቆም እንዲያውቅ።»

እውነቱን እንደሆነ ሆዷ አውቆታል። ግን እሺ ብሎ ማደር ሞት መሰላት። «ሁለት ፈንክሽን ለምኔ? ስትርስትር አለ አይደል፣ እዚያው ላይብረሪ ውስጥ። ጽሑፉን መስጠት፣ ቁጥሩን መስጠት፣ አለቀ። አንድ መስመር!»

«ፋይሉ ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ጽሑፍ መሆኑን አረጋግጠሻል?»

«ዓይን የለኝም እንዴ? መጀመሪያውን ከፍቼ አይቼዋለሁ።»

አለቃዋ ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ስልኮቹ ሄደ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።

ምላጭ በአሮጌው ኮዷ ቦታ ስትርስትርን ጽፋ፣ ከፋይሉ አናት ላይ አንድ ቁጥር ወስዳ ሞከረች። በዓይን ጥቅሻ ተገኘ። ከዚያ የልብስ ሰፊዋን ቁጥር ጻፈች። ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሳ መልሱ ወጣ፤ «አልተገኘም።»

ነጂው ፊቱ በራ። «አልጻፈችማ! ጭንቅ ላይ ብትሆን ከማንም በፊት ትጽፍ ነበር። አማቴ ዘንድ እሄዳለሁ ስትል ነበር፣ ሄዳለች ማለት ነው። ተመስገን!» ግንባሯን ስሞ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ፣ ላይኛው ሰፈር እንድትሄድ ወደታዘዘችው ጀልባው ሮጠ።

ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ ውሃ ፈሰሰ። «አልተገኘም፣ አልተገኘም፣ ተገኘ፣ አልተገኘም።» የበሩ ጩኸት ቀለለ። «አዩ ጋሼ? አንድ መስመር!» አለች፣ ወንበሯን እያሽከረከረች።

እየተኩራራች የተገኙትን ቃኘች። ሁሉም መልእክት የመጣው ከአንድ የስልክ ማማ ነው፣ ከላይኛው ሰፈር። ውሃው ከዋጠው ሰፈር አንድም የለም።

ፋይሉን ከመሐሉ ከፈተችው። የላይኛው ማማ መልእክት ባለቀበት ቦታ፣ ጎርፉ የታችኛውን ሰፈር ማማ መብራት ያጠፋበትን ክፍተት መሣሪያው በዜሮ ባይት፣ በባዶ ምልክት፣ ሞልቶታል፤ ማማው በባትሪ ሲነሳ መልእክቱ ከዜሮዎቹ ወዲያ ይቀጥላል፣ ይቀጥላል፣ ይቀጥላል። ሲ ቋንቋ ደግሞ ዜሮ ባይት ሲያይ ጽሑፉ አልቋል ይላል። ስትርስትር የመጀመሪያው ዜሮ ላይ ደርሶ ጨርሻለሁ ብሎ ይመለስ ነበር። ፈጥኖ አልነበረም። አላነበበም ነበር።

ሜምቻርን ከሜምኮምፕ ጋር አያይዛ፣ ርዝመቱን ሰጥታ ጻፈችው። እሱም ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር በአፍታ ጨረሰው። ላይብረሪው ምንም አልበደለም። የልብስ ሰፊዋ ቁጥር ተገኘ።

ሬዲዮውን አፈፍ አድርጋ ነጂውን ጠራችው። የመለሰላት የሞተሩ ጩኸት ነው፣ ከዚያ ድምፁ፤ «የት? የት አልሽ? ... እየዞርኩ ነው!» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሲመለስ እጆቹና ከወገቡ በታች ጭቃ ነበሩ። የእህቱ ቤት በቦታው የለም፣ የጎረቤቱም የለም። ውሃው ብቻ ነው ያለው፣ ቡናማ፣ ለጥ ያለ። ከምላጭ ጎን ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። የተቆጣ አይመስልም፤ ያ ነው ያስፈራት።

«አሁን ነው የገባው፣ አይደል?» አላት፣ እየለመነ። «መልእክቱ። መንገድ ላይ ዘግይቶ አሁን ነው የደረሰው።»

አለቃዋ ከበሩ ሥር ሆኖ ያያታል። አዎ ብትል ማንም አይሟገታትም። ነጂውም ለዛሬ ሌሊት የሚያድርበት መጽናኛ ያገኝ ነበር።

«አይደለም» አለች። «አንተ እዚህ ስትቀመጥ ፋይሉ ውስጥ ነበር። እኔ ነኝ ያላየሁት።»

ነጂው እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ጭቃው ቁልፎቹ ላይ ተንጠባጠበ።

«አንብቢልኝ።»

«ይቅርብህ፣ ወንድሜ።»

«አንብቢልኝ አልኩሽ።»

አነበበችለት። «ጣሪያው ላይ ነኝ። ውሃው መስኮቱን አልፏል። ወንድሜ ጀልባ ላይ ነው የሚሠራው፣ ለሱ ንገሩት፣ ቤቴን ያውቀዋል።»

ስክሪኑ ላይ ጠዋት «አልተገኘም» የተባሉት ቁጥሮች በአዲሱ ኮድ እንደገና ተፈልገው «ተገኘ፣ ተገኘ፣ ተገኘ» እያሉ በላይ በላዩ ይወርዳሉ። ሌሎቹ ጀልባዎች ሁሉ ገና ላይኛው ሰፈር ናቸው።

«ድገሚልኝ» አለ ነጂው።

ደገመችለት።