በዝምታ የተቀጠፈ ቅጠል

ቱጊየም ጠዋት ጠዋት አትናገርም። መንደርተኛው ለምዶታል፤ ጎረቤት «እንዴት አደርሽ?» ቢላት አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ታልፋለች። ከዕፅዋት የቀመመቻቸውን የመድኃኒት ጠርሙሶቿን በቅርጫት አዝላ ወጥታ የመጀመሪያውን ብርጭቆ እስክትሸጥ አፏ እንደተቆለፈ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ሊያስቆማት! የሱኮሃርጆን ገበያ በሳቅ የምትገለብጥ ሴት ናት። መራራ መድኃኒቷን ለጠጣላት ሁሉ ከላዩ የሩዝና የዝንጅብል ጣፋጭ መጠጥ በነጻ ትቀዳለታለች።

ዝምታው የመጣው ባሏ ካርጆ ከሞተ ወዲህ ነው። ከጉድጓዱ አጠገብ የበቀለውን መራራ ቅጠል የሚቀጥፍ ሰው እስኪጨርስ ቃል መተንፈስ የለበትም፤ ከተናገረ ኃይሉ ከቅጠሉ ይወጣል። ከእናት ከአያት የወረሰችው ሕግ ነው። ካርጆ እግሩ ቆስሎ የተኛ ጊዜ ግን፣ ቱጊየም ለቁስሉ ቅጠሉን እየቀጠፈች ሳለ የጎረቤት ፍየል አጥሩን ጥሳ ገባች፤ ሳታስበው «ውጪ፣ አንቺ እርጉም!» አለቻት። ይኸው ነው ጥፋቷ። በዚያው ሳምንት ካርጆ አረፈ። አይ ሰው! በአንዲት ፍየል ምክንያት ስንት ዓመት ራሱን ይቀጣል።

ይህን የምታውቀው ያሳደገቻት የወንድሟ ልጅ ላራስ ብቻ ናት። ላራስ ሶሎ ከተማ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የመድኃኒት ዕፅዋት ትመረምራለች። አንድ ቀን አክስቷ ሁለት ጥቅል ቅጠል ይዛ መጣችባት። አንዱ በዝምታ የተቀጠፈ ነው፤ ሌላውን እያወራች ነው የቀጠፈችው።

«ለዪልኝ» አለቻት። «የገደልኩት እኔ መሆኔን አለመሆኔን ልወቅና ልሙት።»

ላራስ ሁለቱንም ለየብቻ አድርቃ ፈጨች፤ በአልኮል ዘፍዝፋ አጠለለች። ቁስል የሚያመረቅዝ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ፣ በየጭማቂው የተነከሩ ትንንሽ ወረቀቶች አስቀመጠች፤ ለማነጻጸሪያ አንዱን ወረቀት በሐኪም መድኃኒት፣ አንዱን በባዶ አልኮል ነከረች። ባክቴሪያውን የሚገድል ነገር ካለ በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ይታያል። በማግሥቱ የሐኪሙ መድኃኒት ዙሪያውን አጥርቶ አገኘችው። የዝምታውም የወሬውም ቅጠል ግን እንደ ባዶው አልኮል ምንም አላደረጉም። ደገመችው። ያው ነው።

ሁለቱ እኩል መሆናቸውን ብቻ ብትነግራት አክስቷ በደስታ ታለቅሳለች። ነገር ግን እኩል የሆኑት በባዶነት ነው፤ ይህን ብትደብቅ ነገ ሌላ ቁስለኛ ቅጠሉን አምኖ ቤቱ ይተኛል። ብትናገር ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የኮራችበትን መንጠቅ ነው። እውነት ተናግሮ የመሸበት ማደር ይላሉ፤ የመሸበት የገዛ አክስት ቤት ሲሆን እንጃ።

ከሰዓት በኋላ ስትደርስ ቱጊየም ደጃፏ ተቀምጣ ዝንጅብል ትልጥ ነበር። ላራስ አጠገቧ ቁጭ አለችና አንድ ዝንጅብል አንስታ ታገላብጥ ጀመር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለች አክስቷ፣ እጇን ሳታቆም። «ተንፍሺ።»

«አክስቴ፣ መራራውን ላስቀድም?»

«አስቀድሚ። ጣፋጩን ማስከተል ግን እንዳትረሺ፤ አስተምሬሻለሁ።»

«ቅጠሉ እዚያ ባክቴሪያ ላይ አይሠራም። በዝምታ የቀጠፍሽውም አይሠራም።»

ቢላዋው ቆመ። ቱጊየም ጉድጓዱ አጠገብ ያለውን ቁጥቋጦ፣ ዓመት ሙሉ ውሃ የምታጠጣውን፣ አየችው።

«ጣፋጩስ?» አለች በመጨረሻ።

«ጋሼ ካርጆን አፍሽ አልገደለውም። ዝም ብትዪም ኖሮ ቅጠሉ አያድነውም ነበር።»

ቱጊየም ዝንጅብል የነካ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ለቅሶው መጣ፤ ላራስም እቅፍ አድርጋት አብራ አለቀሰች። ዕንባው ሲበርድ ቱጊየም ከእንግዲህ ቁስል ያለበትን ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ እንደምትሰድ ተናገረች። ኩራቷ እንደቆሰለ ግን ፊቷ ላይ ያስታውቃል።

«ዝንጅብሌን ደግሞ እንዳትመረምሪብኝ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

ላራስ እዚያው አደረች። ሲነጋ ከውጭ ድምፅ ሰማችና በመስኮት አየች። ቱጊየም ብቻዋን ጉድጓዱ አጠገብ ቆማ ቁጥቋጦውን ውሃ ታጠጣለች።

«እንዴት አደርክ፣ ካርጆ?» ትላለች። «ይኸው ስንት ዓመት፣ እንዴት አደርክ ሳልልህ።»